የዶሮ ሞት ሁሉ ፈንግል አይደለም

በአገራችን ገጠር ዶሮ በብዛት ሲረግፍ ለሞቱ የሚሰጠው ስም አንድ ነው፤ ፈንግል። ብዙውን ጊዜም ስሙ ትክክል ነው። ዳሩ ግን አንገት መጣመም፣ አረንጓዴ ቅዘን፣ የትንፋሽ መቆራረጥና መንጋን በጥቂት ቀናት መጨረስ የፈንግል ብቻ ምልክቶች አይደሉም። የወፎች ኢንፍሉዌንዛ የተባለው በሽታም በኃይለኛ መልኩ ሲመጣ ይህንኑ ይመስላል። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ለሠለጠነ ሐኪም እንኳ ስለማይቻል የላቦራቶሪ ምርመራ የግድ ነው። ለፈንግል የሚሰጠው ላሶታም ሆነ ሌላው የፈንግል ክትባት ይህን በሽታ አይከላከልም።

የበሽታው ቫይረስ ጥንተ መኖሪያው የዱር ዳክዬና የሌሎች ውሃ ወዳድ ወፎች አንጀት ነው። እዚያ ሲኖር እምብዛም አያሳምማቸውም። ከኩሳቸው ጋር ወደ ሐይቅና ኩሬ ይወርዳል፤ ከዚያ የምትጠጣ ወፍ ትይዘዋለች። ወደ ዶሮ ከተሻገረ በኋላ ግን ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል። ቫይረሱ ሲራባ የዘር መልእክቱን የሚገለብጠው በብዙ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱንም የሚያርምበት መንገድ የለውም። ብዙ ዶሮ በታጨቀበት ቤት ውስጥ ከቀን ወደ ቀን ሲተላለፍ ከስሕተቶቹ አንዱ ሊጠቅመው ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ለውጥ የሚደርሰው ሄማግሉቲኒን በተባለው የገጽ ፕሮቲን ላይ ነው። ይህ ፕሮቲን ቫይረሱ ወደ ሴል ከመግባቱ በፊት ለሁለት መቆረጥ አለበት፤ ቆራጩም የዶሮዋ የራሷ ኢንዛይም ነው። ቀላሉን ዓይነት የሚቆርጠው ኢንዛይም በመተንፈሻ አካልና በአንጀት ብቻ ስለሚገኝ በሽታው እዚያው ይወሰናል። በመቆረጫው ቦታ ላይ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ሲጨመሩ ግን በመላው ሰውነት ያለ ኢንዛይም ሊቆርጠው ይችላል። ያን ጊዜ ቫይረሱ ልብና አንጎል ሳይቀር ይዘልቃል። ይህ ለውጥ የሚታወቀው ኤች 5 እና ኤች 7 በተባሉት ዓይነቶች ላይ ነው።

በሰሜን ኢጣሊያ የሆነው ለዚህ ጥሩ አስረጂ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1999 የጸደይ ወራት ቀላል የሆነ ኤች 7 ኤን 1 በተርኪ እርባታዎች ታየ። እርባታዎቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ስለነበሩ በሽታው ለወራት ከአንዱ ወደ ሌላው ተዘዋወረ። በታኅሣሥ ወር ያው ቫይረስ ገዳይ ሆኖ ተገኘ፤ እስከ 2000 አጋማሽ ድረስም 13 ሚሊዮን ያህል ወፎች ሞቱ ወይም ተወገዱ። ቀላል ነው ተብሎ የታለፈ በሽታ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

ሁለተኛው የለውጥ መንገድ ቅልቅል ነው። የቫይረሱ ዘር በ8 ክፍልፋዮች የተከፈለ ነው። ሁለት ዓይነቶች በአንዲት ዳክዬ ሴል ውስጥ ቢገናኙ ክፍልፋዮቻቸውን ተለዋውጠው አዲስ ዓይነት ሊወጣ ይችላል። በ1996 በቻይና ጓንግዶንግ በዝይ ላይ የተገኘው ኤች 5 ኤን 1 በዚህ መንገድ ደጋግሞ መልኩን ቀይሯል። በ1997 በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን ገደለ። በ2005 በቻይና ቺንግሃይ ሐይቅ የዱር ዝይዎችን ፈጀ። በየካቲት 2006 ናይጄሪያ ውስጥ ካዱና ላይ በአንድ ትልቅ እርባታ ተገኘ፤ በዚያው ዓመት ግብፅ፣ ሱዳንና ጅቡቲ ደረሰ። ግብፅ በሰፊው ብትከትብም ክትትሉ ስላልተሟላ ቫይረሱ ከክትባቱ እየራቀ መለወጡን ቀጠለ። ከ2020 ወዲህ ደግሞ 2.3.4.4 ቢ የተባለው ቅርንጫፍ አውሮፓንና የአሜሪካን አህጉሮች አዳርሷል፤ በ2024 በአሜሪካ የወተት ላሞች ላይ ተገኝቷል።

በ2006 በአገራችንም በአንድ የጫጩት ማራቢያ ጣቢያ ብዙ ጫጩት በመሞቱ ሥጋት ተነሥቶ ነበር። ናሙናው ሲመረመር በሽታው ይህ አለመሆኑ ታወቀ፤ የዶሮ ገበያ ግን በወሬው ብቻ ቀዝቅዞ ነበር። ስለዚህ ፈጥኖ ማስመርመር መንጋን ብቻ ሳይሆን ገበያንም ያድናል።

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በየዓመቱ ከሰሜን የሚመጡ ዳክዬዎች ስለሚከርሙ ጣት ሁልጊዜ ወደ እነሱ ይቀሰራል። እኛ ግን የአውቶቡስ ጣሪያን ይበልጥ እንፈራለን። ዶሮው ማንቀላፋት ሲጀምር ሳይሞት እንሽጠው ተብሎ እግሩ ታስሮ ወደ ከተማ ይጫናል፤ ለፋሲካ ለእንቁጣጣሽማ ምን ያህሉ እንደሚጓጓዝ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሳይሸጥ የቀረውም ከሌሎች ጋር ሲነካካ ውሎ ወደ መንደር ይመለሳል። ዱር ወፍ አንድ ጊዜ የሚያመጣውን ገበያ መቶ ቦታ ያደርሰዋል።

ጫጩት አሳድገው የ45 ቀን ዶሮ ለአባላት የሚያከፋፍሉ ማኅበራት ደግሞ የተለየ ኃላፊነት አለባቸው። በማሳደጊያው ቤት ከወትሮው የበዛ ሞት ከታየ፣ ቀጠሮው ቢያልፍም ተቀባዮች ቢያጉረመርሙም፣ የምርመራ ውጤት እስኪታወቅ ማከፋፈል አይገባም። ከገበያ የተመለሰ ወይም አዲስ የተገዛ ዶሮ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ዳክዬና ዶሮ በአንድ ግቢ መቀላቀላቸውም ይቅር።

የልማት ሠራተኛው በፈንግል የተከተበ መንጋ ሲሞት ካየ፣ በአናትና በአገጭ ሥር ያለው ቀይ ሥጋ ከጠቆረ ወይም ፊት ካበጠ፣ በዕለቱ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ያስታውቅ። ናሙና የመውሰዱ ሥራ የሐኪሙ ነው። እስከዚያ ከግቢው ዶሮ፣ እንቁላልና ፍግ አይውጣ፤ ሕፃናት አይጠጉ፤ የታመመውም ታርዶ አይበላ። ቫይረሱ የስብ ሽፋን ስላለው ሳሙና ይገድለዋል፤ በኩስ የተሸፈነውን ግን መድኃኒት ስለማያገኘው አስቀድሞ ይጠረግ፣ ከዚያ ይታጠብ። የሞቱት ውሻ ሊቆፍረው በማይችል ጥልቅ ጉድጓድ ኖራ ተነስንሶባቸው ይቀበሩ፤ የወረቀት የእንቁላል መያዣዎችም ስለማይታጠቡ አብረው ይቃጠሉ።