ጢም ስንላጭ ቆዳችን ስለ ምን ይለበለባል?

ጢም ለወንድ ልጅ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነው። በዘጠነኛ ክፍል በላይኛው ከንፈር ላይ እንደ ጥላ ብቅ ይላል፤ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ስንደርስ ወደ አገጭ ይወርዳል፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ደግሞ አንገትን ሳይቀር ይይዛል። ይህን እንግዳ እንዴት አድርገን እንደምንሸኘው ግን የሚያስተምረን መምህር የለም። አባቶቻችን ዝም ይላሉ፤ ታላላቅ ወንድሞቻችን ይስቁብናል፤ እኛም ከሱቅ ምላጭ ገዝተን በመስተዋት ፊት በገዛ ቆዳችን ላይ ትምህርት እንጀምራለን። ከዚህም የተነሣ ሰኞ ጧት ሰልፍ ላይ ቆሞ የተመለከተ ሰው አንገታቸውን በሸሚዝ ኮሌታ የሚሸሽጉ ብዙ ጓደኞቻችንን ያያል። እኅቶቻችን ይህን ገጽ ይዘልሉት ይሆናል፤ ነገር ግን ወንድም ያላት ብታነብለት አይከፋም።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ይህ ጽሑፍ ከታተመበት ወረቀት እጅግ የሳሳ ነው። ሥራውም የሰውነታችን ውሃ ወደ ውጭ እንዳይተን፥ አቧራና ተሕዋስያንም ወደ ውስጥ እንዳይገቡ መከልከል ነው። ምላጭ ጠጕሩን ሲያጭድ ከዚህ ሽፋን ጥቂት ጥቂት ፍቆ ይወስዳል። ፍቀቱ ጥቂት ሲሆን አይታወቅም፤ ሲበዛ ግን ከሥር ያለው ሕያው ቆዳ ይጋለጥና ደም ወደ ስፍራው ይጐርፋል፤ ይግላል፥ ይለበልባል፥ ያሳክካል። መልኩ ቀላ ያለ ሰው እንደ ሆነ ወዲያው ቀልቶ ይታያል፤ በጠቈረ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ጐልቶ ስለማይወጣ፥ «ምንም አልሆንክም» እየተባልን ብቻችንን እንቃጠላለን። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከተላጩ በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይጀምርና ከጥቂት ሰዓት እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ቆይቶ ይጠፋል።

ምላጩ በሁለት ብረት መካከል ተጣብቆ ስለቱ ብቻ ጥቂት ብቅ የሚልበትን ባለ እጀታ መላጫ እንግሊዞች በቋንቋቸው «አደጋ የሌለበት ምላጭ» ይሉታል። ስሙ ግማሽ እውነት ነው። ቀድሞ ሰው የሚላጨው እንደ ሰንጢ በሚታጠፍ ረጅም ምላጭ ነበርና እጅ አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ ጉዳቱ ቀላል አልነበረም። በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ ፈረንሳዊ ቢላዋ ሠሪ በስለቱ ላይ የእንጨት ከለላ አደረገበት። ከዚያም ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ፥ ሲደንዝ የሚጣል ስስና ርካሽ ምላጭ አሰበ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 መሸጥ ሲጀምር በዓመቱ ውስጥ የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1904 ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ በሚሊዮን የሚቈጠር መላጫ አደለ፤ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ጢም ባለው ፊት ላይ በደንብ አይገጥምምና። እንግዲህ ያ ከለላ የሚጠብቀን ጉሮሮአችንን እንዳንቈርጥ ነው እንጂ ቆዳችንን እንዳንፍቅ አይደለም። እኛ ግን ስሙን አምነን እንጫነዋለን።

ብረት ጠጕርን ይቈርጣል እንጂ ጠጕር ብረትን አይጐዳም ብሎ የሚያስብም ሰው አለ። በ2020 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች የጢም ጠጕር በምላጭ ሲቈረጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ከብረቱ 50 ጊዜ ያህል የሚለሰልሰው ጠጕር ስለቱን ሲሸርፈው አዩ። ስለዚህ አንድ ምላጭ ከአምስት ወይም ከሰባት ጊዜ በላይ ፊት ላይ ከዋለ ለዐይን ስል ቢመስልም የሚሠራው እንደ መጋዝ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ያው ምላጭ በጧት ጢም ይላጫል፥ በክፍል ውስጥ እርሳስ ይቀርጻል፥ ማታ ጥፍር ይቈርጣል! እርሳስ የቀረጸ ምላጭ ወደ ፊት መመለስ የለበትም።

አላጫጩን በተመለከተ ትልቁ መድኃኒት ውሃ ነው። ጠጕር ለብ ያለ ውሃ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ይለሰልሳል፥ በጥቂት ኀይልም ይቈረጣል። ስለዚህ ገላን ከታጠቡ በኋላ መላጨት ይሻላል፤ ይህ ባይመች በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ፊት ላይ ማቆየት ይበቃል። የልብስ ሳሙና ቆዳን ያደርቃልና አይሆንም፤ የመላጫ ክሬም ቢጠፋ የፊት ሳሙና አረፋው እስኪወፍር ድረስ መምታት ነው። ቀጥሎም በደረቅ መዳፍ አገጭንና አንገትን መዳሰስ ያስፈልጋል። እጅ ሲሄድ የሚለሰልስበት በኩል ጠጕሩ የተኛበት ነው፤ የሚሻክርበት በኩል ተቃራኒው ነው። ጉንጭ ላይ ጠጕሩ ወደ ታች ሲተኛ አንገት ላይ ወደ ጐን ወይም ወደ ላይ ሊዞር ይችላልና አንድ ጊዜ በጥንቃቄ መርምሮ ማወቅ ዕድሜ ልክ ይጠቅማል። ስለቱ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል አጋድሎ፥ በአጫጭር እርምጃ፥ ጠጕሩ በተኛበት በኩል ይሂድ። የመላጫው ብረት ክብደት ብቻውን ይበቃል፤ በእጅ መጫን አያሻም። አረፋ በሌለበት ስፍራ መመላለስም የሕመሙ ዋና ምንጭ ነው።

አሁን ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ላይ ደረስን። ከመለብለቡ ሌላ፥ ከተላጩ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ አንገት ላይ የሚወጣ እብጠት አለ። ብዙዎቻችን ብጉር ነው እንላለን፤ ነገር ግን ብጉር አይደለም። የተጠቀለለ ጠጕር በምላጭ ሲቈረጥ ጫፉ እንደ ጦር ይሾላል። ሲያድግም እንደ ተፈጥሮው ጐብጦ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል፤ ሰውነትም እንደ እሾህ ቈጥሮት ያብጥበታል። ቆዳውን ወጥረን ወይም በተቃራኒው ሽቅብ ፍቀን ከላጨን ደግሞ የተቈረጠው ጠጕር ከቆዳው በታች ሰምጦ ይቀርና ገና ሳይወጣ ከውስጥ ይወጋል። ይህ ደዌ ከሌሎች ይልቅ ጠጕራቸው የተጠቀለለ ሕዝቦችን ያጠቃል፤ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ብዙ ጥቁር ወታደሮች በሐኪም ፈቃድ ጢማቸውን ጥቂት አቆይተው ያገለገሉት በዚሁ ምክንያት ነበር። «እንደ ሕፃን ጉንጭ እስኪለሰልስ» የሚለው የማስታወቂያ ቃል ለእኛ አልተጻፈም ለማለት እደፍራለሁ። ጠጕራችን የተጠቀለለ ሰዎች አንድ ሚሊሜትር ያህል ብናስቀር ይሻለናል። ለዚህም የፀጕር ቤት መቍረጫ መኪና ከምላጭ ይበልጣል። እብጠቱ ከበዛ ለአንድ ወር ያህል ምላጭ አለማስነካት ጠጕሩ በራሱ እንዲወጣ ጊዜ ይሰጠዋል።

ቆዳው ከተለበለበ በኋላ ምን ይደረግ? በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አምስት ወይም ዐሥር ደቂቃ ማኖር ሙቀቱን ያበርዳል። ከዚያ ሽቶ የሌለው ቅባት ወይም ስስ ቫዝሊን መቀባት የተፋቀውን ሽፋን ይተካል። እሬትም ደኅና ነው፤ ነገር ግን ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ራሱ ቆዳን ስለሚያስቈጣ ታጥቦ ውስጡ ያለው እንደ ውሃ የጠራው ዝልግልግ ብቻ ይቀባ። አልኮልና ሎሚ በተፋቀ ቆዳ ላይ ማፍሰስ በእሳት ላይ ቤንዚን እንደ መጨመር ነው፤ ሰው «ሲያቃጥል ነው የሚያድን» ይላል፥ እኔ ግን አልቀበለውም። እስኪሽር ድረስ ደግመው አይላጩ። እብጠቱን በመርፌ ወይም በጥፍር መጐርጐር ጥቁር ምልክት ያስቀራል፤ አንዳንዱም ሰው ጠባሳው እየወፈረ ይቀርበታል።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን ጥቁረቱን ለማጥፋት ፊት የሚያቀላ ቅባት በስውር ገዝተው ይቀባሉ። ከእነዚህ ውስጥ ኀይለኛ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ፊቱን ያሳምሩታል፤ ሲቈዩ ግን ቆዳውን ያሳሱታል፥ የደም ሥሮችን ያጋልጣሉ፥ ሲተዉአቸውም ቀድሞ ከነበረው የባሰ ሽፍታ ያወጣሉ። የቆዳ ሐኪም አይቶ ደካማውን ዐይነት ለጥቂት ቀን ቢያዝ ሌላ ነገር ነው።

በመኝታ ቤት አብረው ለሚያድሩት ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ዳቦና ደብተር እንካፈል፤ ምላጭ ግን አንካፈል። በስለቱ ላይ የቀረ በዐይን የማይታይ ደም በተፋቀ ቆዳ በኩል የጉበት በሽታ አምጪ የሆነውን ሄፓታይቲስ ቢን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ይህ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ሰባት ቀን ያህል ሳይሞት ይቈያል። ኤች አይ ቪም እንዲሁ በደም ይተላለፋል። በውሃ ማለቅለቅ አያጠፋቸውም። ፀጕር ቤት ስንሄድም ጌታው አዲሱን ምላጭ ከወረቀቱ ሲያወጣ በዐይናችን ማየት መብታችን ነው፤ «ጋሼ፥ እባክዎ አዲስ ያድርጉልኝ» ቢሉት የሚቈጣ ባለሙያ አላየሁም። መግል የያዘ፥ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ትኩሳት ያስከተለ እብጠት ግን በቅባት የሚታለፍ አይደለምና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።