የህመም ማስታገሻ የመርሳት በሽታን ይከላከላል?

አልዛይመር በሚባለው የመርሳት በሽታ በተያዘ ሰው አንጎል ውስጥ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ይከማቻል። ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል ተከላካይ ሴሎች ክምችቱን ለማጽዳት ይነሳሉ። ሥራቸው ማብቂያ ሲያጣ ግን የሚፈጥሩት ብግነት (መቆጣት) ጤነኛ ሴሎችንም ይጎዳል።

ታዲያ ብግነትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች በሽታውን ይከላከሉ ይሆን? ለመገጣጠሚያ ሕመም እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን ለዓመታት የወሰዱ ሰዎች በአልዛይመር የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ እንደሆነ አንዳንድ ጥናቶች በማሳየታቸው ተስፋው ትልቅ ነበር። ይህን ለማረጋገጥ እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ2,500 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተጀመረ። የተሞከሩት ናፕሮክሲንና ሴሌኮክሲብ ነበሩ። ነገር ግን በልብ ላይ ጉዳት ያደርሳሉ በሚል ስጋት በ2004 መስጠቱ ቆመ፤ በሽታውን እንደሚከላከሉም አልተረጋገጠም።

ስለዚህ «ከመርሳት ያድናቸዋል» ብለን ለወላጆቻችን እነዚህን እንክብሎች በየቀኑ አንስጥ። ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትንና ልብን ሊጎዱ ይችላሉ። ይልቅ የደም ግፊታቸውንና ስኳራቸውን እናስለካ፤ በእግራቸው እንዲንቀሳቀሱ እናግዛቸው። መርሳት ሲያበዙም «እርጅና ነው» ብለን ሳንተወው ወደ ሐኪም እንውሰዳቸው።