«ሊኑክስ ነው፤ ምን ይነካዋል?»

ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎች እንኳ ይህን ሲሉ ይሰማሉ። ሊኑክስ ቫይረስ አይይዘውም፣ ኮዱንም ዓለም ሁሉ ያየዋል፣ ስለዚህ አፕዴቱ ቢቆይም ግድ የለም ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተገኘው ሼልሾክ የተባለ የደህንነት ክፍተት፣ ባሽ በተባለው የትዕዛዝ መቀበያ ፕሮግራም ውስጥ ከ1989 ጀምሮ ነበር። ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ ኮዱ ለማንም ክፍት ሆኖ ሳለ ማንም አላስተዋለውም። ክፍት መሆኑ ግን ከንቱ አይደለም። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የኤስኤስኤች መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን ተጠራጥሮ ቢመረምር፣ ኤክስዜድ በተባለው ፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ ስውር መግቢያ አገኘ። ኮዱ ዝግ ቢሆን ኖሮ ነገሩን እስከ ሥሩ መከተል እጅግ በከበደው ነበር።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው ግን በቨርዥን ቁጥር ነው። «ቁጥሩ አሮጌ ከሆነ ክፍተቱ አልተደፈነም» ይባላል። ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ላይብረሪ ውስጥ የነበረው ኸርትብሊድ የተባለ ክፍተት በኤፕሪል 2014 ይፋ ሲሆን የላይብረሪው አዘጋጆች ማስተካከያውን በ1.0.1ጂ አወጡ። ዴቢያን 7 በተባለው የሊኑክስ ስርጭት ላይ ግን አፕዴት ከተደረገ በኋላም ቁጥሩ 1.0.1ኢ እንደሆነ ቀረ። ዴቢያን ክፍተቱን የሚደፍኑትን መስመሮች ብቻ ወስዶ በነባሩ ቨርዥን ላይ ጨመራቸው እንጂ አዲሱን እንዳለ አላመጣም። አዲስ ቨርዥን አዲስ ጠባይ ይዞ ስለሚመጣ፣ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ ሊቆም ይችላል። «አፕዴት ሲስተሙን ያበላሻል» የሚለውን ስጋት ለመቀነስ የተመረጠው መንገድ ይኸው ነው፤ እኔም ትክክለኛ ምርጫ ይመስለኛል። መታየት ያለበት ዴቢያን ራሱ ከቁጥሩ በኋላ የሚጨምረው ምልክት ነው፤ በዚያን ጊዜ «ዴብ7ዩ5» የሚል ነበር። የዋናውን ቁጥር ብቻ አንብቦ «ተጋላጭ ነህ» የሚል መፈተሻ ስለ ዴቢያን የተሟላ መልስ አይሰጥም።

አፕዴቱ ተጭኗል ማለትም አልቋል ማለት አይደለም። ዲስክ ላይ ያለው ፋይል ቢቀየርም፣ አስቀድሞ የተነሳው ዌብ ሰርቨር ሪስታርት እስኪደረግ ድረስ ሚሞሪ ላይ የያዘውን አሮጌ ኮድ ይጠቀማል። የተስተካከለው ከርነሉ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ራሱ ጠፍቶ መነሳት አለበት። ኒድሪስታርት የተባለው መሣሪያ የትኛው አገልግሎት ገና በአሮጌው እየሠራ እንዳለ ይናገራል።

ሪስታርትም የማይበቃበት ጊዜ አለ። ዴቢያን በ2006 ኦፕንኤስኤስኤል ላይ ባደረገው ለውጥ ሳቢያ፣ የሚፈጠሩት ሚስጥራዊ ቁልፎች በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ ለአንድ የቁልፍ ዓይነትና መጠን ከ32,768 የማይበልጡ ሆኑ። ያን ያህሉን አጥቂ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ሊሞክራቸው ይችላል። በሜይ 2008 የወጣው አፕዴት ቁልፍ የሚፈጥረውን ኮድ አስተካከለ፤ የተፈጠሩትን ቁልፎች ግን ሊለውጣቸው አይችልም። ዴቢያን ወዳልሆነ ሰርቨር የተቀዱት ሳይቀሩ ሁሉም ተሰርዘው በአዲስ መተካት ነበረባቸው።