በመርከብ ሽርሽር ላይ የሕፃን ወተት አዘገጃጀት

በአሁኑ ዘመን ሕፃን ታቅፈው ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ወይም ወደ ሜዲትራኒያን ወደቦች በመርከብ ለሽርሽር የሚሄዱ ወላጆች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የመርከብ ኩባንያዎች ስድስት ወር ያልሞላውን ሕፃን አይቀበሉም፤ ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ጉዞ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት እንዲሞላው ይጠይቃሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጡጦ የሚያድግ ሕፃን በመርከብ ላይ ያለ አደጋ እንዴት ሊመገብ እንደሚችል፣ ይህም ለምን በሙቀትና በሰዓት ላይ እንደሚመሠረት ማስረዳት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የዱቄት ወተት ጣሳው የታሸገ ቢሆንም ከረቂቅ ተሐዋስያን ፈጽሞ የጸዳ አለመሆኑ ነው። ክሮኖባክተር የሚባለው ባክቴሪያ በደረቅ ዱቄት ውስጥ ባይራባም ሳይሞት ብዙ ጊዜ ይቆያል። ዱቄቱ ለብ ባለ ውሃ ተበጥብጦ ሲቀመጥ ግን እርጥበት፣ ምግብና ሙቀት በአንድነት ስለሚያገኝ በፍጥነት ይባዛል። በሽታው እምብዛም የማይታይ ቢሆንም፣ ሁለት ወር ያልሞላቸውን፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትንና በሽታ የመቋቋም ኃይላቸው የደከመውን ሕፃናት ደማቸውን በመመረዝ ወይም የአንጎላቸውን ሽፋን በማቁሰል ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት አንድ ትልቅ የሕፃናት ወተት ፋብሪካ ሥራውን ያቆመው ይኸው ባክቴሪያ በፋብሪካው ውስጥ በመገኘቱ ነበር።

የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት መመሪያ በዚህ ምክንያት ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ውሃ እንዲበጠበጥ ያዛል፤ ይህ ሙቀት ባክቴሪያውን ይገድለዋልና። የተበጠበጠው ወተት በ2 ሰዓት ውስጥ መጠጣት አለበት። ለኋላ የሚቀመጥ ከሆነ ወዲያው ቀዝቅዞ ከ5 ዲግሪ በማይበልጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሕፃኑ ጠጥቶ ያስተረፈው ግን ይደፋል።

እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው እነዚህን ደንቦች በመርከብ ላይ ለመፈጸም ሲፈለግ ነው። እሳት እንዳይነሣ ሲባል የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ወደ ክፍል ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ነው። በክፍሉ ያለው ትንሽ ማቀዝቀዣም መጠጥ ከማብረድ በቀር እስከ 5 ዲግሪ ላያደርስ ይችላል። ከሻይ ማፍያው የሚቀዳው ውሃም እስከ ክፍል ሲደርስ ከ70 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። የታሸገ ውሃ ንጹሕ ስለሚመስል ሳይፈላ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ቀዝቃዛ ውሃ በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አይገድልም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጥሩ ፔርሙዝና ትንሽ የሙቀት መለኪያ ይዞ መሄድ፣ የፈላ ውሃ ከወጥ ቤቱ አሽከሮች መጠየቅ፣ ሙቀቱን ለክቶ መበጥበጥ፣ ከዚያም ጡጦውን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አብርዶ በእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር ነው። ወደብ ወርደው ሲዘዋወሩም ሙቁን ውሃና የተለካውን ዱቄት ለየብቻ መያዝ እንጂ የተበጠበጠ ጡጦ ይዞ መዋል አይገባም። ክብደቱን ለሚችል ሰው ከሁሉ የሚሻለው በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የታሸገው ፈሳሽ ወተት ነው፤ ይህ ከተሐዋስያን የጸዳ ስለሆነ ሙቅ ውሃ አያሻውም።

ስለ ስንቁም ማሰብ ያስፈልጋል፤ በመርከቡ ሱቅ የሕፃኑ ወተት ላይገኝ ይችላልና። ሕፃኑ በቀን 1 ሊትር ያህል ቢጠጣ ለ7 ቀን 7 ሊትር ይሆናል። ለ1 ሊትር 130 ግራም ገደማ ዱቄት ስለሚገባ 910 ግራም ያስፈልጋል፤ መርከቡ ቢዘገይ የ3 ቀን መጠባበቂያ ሲጨመርበት 1,300 ግራም ይሆናል። ዱቄቱ ሲያልቅ ውሃ እያበዙ ማቅጠን ትልቅ ስሕተት ነው፤ የሕፃኑን ደም ጨው በማሳነስ እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሰዋል።

በመጨረሻም በመርከብ ላይ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣው ኖሮቫይረስ በቶሎ ይዛመታል። የአሜሪካ መንግሥት የመርከቦችን ንጽሕና የሚቈጣጠር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1975 ያቋቋመው እንዲህ ያለውን የሆድ በሽታ ለመከላከል ነው። የአልኮል ቅባት ይህን ቫይረስ በሚገባ ስለማያጠፋው ጡጦ ከመነካቱ በፊት እጅ በሳሙናና በውሃ መታጠብ አለበት። ጡጦዎቹም በመታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ሳይሆን ለዚሁ ብቻ በተያዘ ሳሕን ውስጥ ይታጠባሉ።

የእናት ጡት ለሚጠባ ሕፃን ከላይ ከተዘረዘረው አብዛኛው አያስፈልገውም። በጡጦ ለሚያድገው ግን ደኅንነቱ የሚጠበቀው በመርከቡ ትልቅነትና ምቾት ሳይሆን፣ ወላጁ የውሃውን ሙቀትና የወተቱን ሰዓት በመቈጣጠሩ ነው።