አንዱ ቀይ ሁለት ቀይ ሲሆን

በቆቦ ገበያ ማንበብ የማይችል ሸማች የለመደውን ዕቃ የሚለየው በከረጢቱ ቀለም ነው። እንግዲህ የጤፍ ዱቄት አሽጎ የሚሸጥ ነጋዴ ምልክቱን ግማሹን በደሴ፥ ግማሹን በአዲስ አበባ ቢያሳትምና አንዱ ቀይ ደማቅ፥ ሌላው ወደ ቡናማ ያደላ ሆኖ ቢመጣ፥ ሸማቹ «ይህስ አስመስለው የሠሩት ነው» ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም።

ጥፋቱ ዘወትር የአታሚው አይደለም። የኮምፒውተር ስክሪን ቀለምን የሚያሳየው በቀይ፥ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ማተሚያው ግን በሲያን፥ በማጄንታ፥ በቢጫና በጥቁር ቀለም ይሠራል። ልባጥ የሌለው ወረቀትም ቀለሙን መጥጦ ያደበዝዘዋል።

ስለዚህ ቀለም በቁጥር ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የፓንቶን መለያ ለእያንዳንዱ ቀለም ቁጥር ሰጥቶታል። ዛሬ ደግሞ የየማተሚያውን ጠባይ የሚመዘግብ «ፕሮፋይል» አለ፤ ይኸውም ከወረቀቱ ጋር አብሮ የተለካ ስለሆነ ወረቀት ሲለወጥ እርሱም ይለወጣል።

ይህ ሁሉ ባይገኝ እንኳ ነጋዴው ከመጀመሪያው እትም የወደደውን አንድ ቅጠል ፈርሞበት ያኑር። ለሁለተኛው አታሚም ቅጠሉን ራሱን ይላክለት፤ የስልክ ፎቶግራፍማ የራሱን ቀለም ይጨምርበታል። በመብራት ሥር አንድ የመሰሉ ሁለት ቀለሞች በፀሐይ ሊለያዩ ስለሚችሉ፥ ናሙናውን ተቀብሎ ከመፈረሙ በፊት ከሱቁ ወጥቶ በራያ ፀሐይ ያመሳክረው።