ስለ ንኡሳን ፈለኮች ዙረትና ስለ ብርሃናቸው ምስክርነት

በማርስና በጁፒተር መካከል፥ አንዳንዶቹም ወደ ምድራችን መንገድ ቀርበው፥ ፀሐይን የሚዞሩ አስትሮይድ የተባሉ እጅግ ብዙ ንኡሳን ፈለኮች አሉ። ከትንሽነታቸውና ከርቀታቸው የተነሣ አብዛኛዎቹ በትልቅ መነጽር እንኳ ቢታዩ ከነጥብ የሚበልጥ መልክ የላቸውም። ሊቃውንት ግን የብዙዎቹን ዙረት በሰዓትና በደቂቃ ቈጥረው ይናገራሉ። ነጥብ ብቻ ሆኖ የሚታየው ነገር መዞሩ በምን ታወቀ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው።

የታወቀው በብርሃኑ ነው። እነዚህ አካላት የራሳቸው ብርሃን ስለሌላቸው ከፀሐይ የተቀበሉትን ይመልሳሉ። ብዙዎቹም ሞላላና ጐርበጥባጣ ስለ ሆኑ፥ ሰፊ ጐናቸውን ወደ እኛ ሲያዞሩ ይደምቃሉ፥ ጠባብ ጫፋቸውን ሲያዞሩ ይደበዝዛሉ። ተመልካቹ በየጥቂት ደቂቃው ፎቶግራፍ እያነሣ የነጥቡን ድምቀት በአጠገቡ ከሚታዩት ከዋክብት ድምቀት ጋር ያመዛዝናል፤ ስስ ደመና ቢያልፍ ሁሉንም አብሮ ስለሚያደበዝዝ ሚዛኑ እምብዛም አይዛባም። ይህንም በወረቀት ላይ ሲያሰፍረው እንደ ኰረብታና እንደ ሸለቆ የሚወጣና የሚወርድ መስመር ይሆናል።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1898 ዓመት ጉስታቭ ቪት በበርሊን ያገኘው ኤሮስ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ነው። በ1901 ኤጎን ፎን ኦፖልዘር የኤሮስ ብርሃን እንደሚለዋወጥ አስታወቀ። ብርሃኑ በየ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ገደማ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላልና፥ ችኩል ሰው አንዱ ዙር ይህ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ነገር ግን ሞላላ አካል በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ጐኑን፥ ሁለት ጊዜም ጫፉን ስለሚያሳይ፥ እውነተኛው ዙረት 5 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ነው። ዐውደ ፀሐይን በ28፥ ዐውደ አበቅቴን በ19 ዓመት የሚቈጥር የባሕረ ሐሳብ ዐዋቂ፥ ዑደትን ሳይጨርሱ መቍረጥ ምን ያህል እንደሚያሳስት ሳንነግረው ያውቀዋል። ደግሞም የዛቢያው ጫፍ ወደ ምድር ሲያቀና ያው አንድ ጐን ብቻ ስለሚታይ፥ ኤሮስ መዞሩን ሳያቋርጥ የብርሃኑ ለውጥ ሊጠፋ ይቃረባል። በ2000 ዓመት ኒር ሹሜከር የተባለችው መንኰራኵር ደርሳ በቅርብ ብታየው፥ ርዝመቱ 34፥ ስፋቱ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሞላላ ዐለት ሆኖ ተገኘ።

ዙረቱ ወደ 24 ሰዓት የሚጠጋ አካል ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። በአንድ አገር የቆመ ተመልካች በየሌሊቱ ያንኑ ፊት ብቻ ያያል፤ የቀረው ፊት ቀን ሲሆን ያልፈዋል። ስለዚህ በምሥራቅና በምዕራብ ያሉ ተመልካቾች መዝገባቸውን ካላስተባበሩ ቍጥሩ አይሞላም።

ይህ ሁሉ ድካም ለከንቱ አይደለም። ከ200 ሜትር ገደማ ከሚበልጡት መካከል ከ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚዞር እጅግ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ በራሳቸው ስበት የተያያዙ የድንጋይ ክምር እንደ ሆኑ ይገመታልና ከዚያ ቢፈጥኑ ይበተኑ ነበር። እንግዲህ የ4 ሰዓቱን ዙረት 2 ሰዓት ብሎ የጻፈ ሰው ክምሩን ጽኑ ዐለት ያስመስለዋል፤ ወደ ምድር የሚመጣውን ገፍቶ ለማሳት የሚያስብ ሰውም በዚህ ስሕተት ላይ ይሠራል። በመስከረም 2022 የአሜሪካው ናሳ ዳርት የተባለችውን መንኰራኵር አስቦ ከዲሞርፎስ ጋር አጋጫት። ዲሞርፎስ ታላቁን ዲዲሞስን የሚዞርበት ጊዜ ከ11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ወደ 11 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ገደማ ማጠሩ የታወቀው፥ አንዱ ሌላውን ሲጋርድ የሚጐድለውን ብርሃን ከምድር ሆኖ በመቍጠር ነው።