ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን በሽንት ምርመራ እንዴት ይለያል?

በሽንቱ ውስጥ ቴስቶስትሮን የተገኘበት አትሌት በዚያ ብቻ ጥፋተኛ አይባልም። መጠኑ ይለያይ እንጂ ይህን ሆርሞን የወንድም የሴትም ሰውነት ያመርተዋል። ጡንቻን ስለሚያጠነክርና ከከባድ ልምምድ በኋላ ለማገገም ስለሚረዳ ግን በመርፌ ወይም በቅባት መልክ ከውጭ የሚወስዱት ስፖርተኞች አሉ። ታዲያ የተፈጥሮው ከተጨመረው በምን ይለያል?

በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ዘዴ የጀርመናዊው ኬሚስት ማንፍሬድ ዶኒከ ነው። ዘዴው ቴስቶስትሮንን ኤፒቴስቶስትሮን ከተባለ፣ ጡንቻ ከማይገነባ ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ጋር ያነጻጽራል። የሁለቱ መጠን በብዙ ሰዎች ሽንት ውስጥ ተቀራራቢ ነው። ከውጭ የገባ ቴስቶስትሮን ግን አንዱን ብቻ ከፍ ያደርጋል። አትሌቱ ብዙ ውኃ ጠጥቶ ሽንቱን ቢያቀጥነው እንኳ ሁለቱም አብረው ስለሚቀጥኑ ንጽጽሩ አይዛባም። ጥርጣሬ የሚያስነሣው ወሰን መጀመሪያ 6 ለ 1 ነበር፤ በኋላ ወደ 4 ለ 1 ዝቅ ተደርጓል።

ብልሃቱ ግን ብልሃት ወለደ። ምሥራቅ ጀርመን ለአትሌቶቿ ኤፒቴስቶስትሮንም ጭምር በመስጠት ንጽጽሩን ታስተካክል እንደነበር ከጀርመን ውሕደት በኋላ የወጡ ሰነዶች አሳይተዋል።

ከማታለሉ ይልቅ የሚከብደው የተፈጥሮ ልዩነት ነው። አንዳንድ ሰዎች ቴስቶስትሮን በሽንት እንዲወጣ የሚያግዘው ዘረ መል ይጎድላቸዋል፤ ይህም በምሥራቅ እስያ በብዛት ይታያል። የስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት ለወንዶች ፈቃደኞች 500 ሚሊ ግራም ቴስቶስትሮን ወጉ። ዘረ መሉ ፈጽሞ ከጎደላቸው ውስጥ 40 በመቶዎቹ መድኃኒቱን ወስደውም ከ4 ለ 1 ወሰን አላለፉም። በአንጻሩ ምንም ሳይወስዱ በተፈጥሯቸው ወሰኑን የሚያልፉ ሰዎች አሉ። አንድ ቁጥር ለሁሉም ሲሠራ አጥፊው ሊያመልጥ፣ ንጹሑ ሊጠረጠር ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ላቦራቶሪዎች የካርቦን ምርመራ አከሉ። በፋብሪካ የሚሠራው ቴስቶስትሮን እንደ አኩሪ አተር ካሉ ተክሎች ስለሚዘጋጅ፣ ካርቦን 13 የተባለው ከባዱ የካርቦን ዓይነት ሰውነት ከሠራው ይልቅ ያንስበታል። ባለሙያዎች ይህን በዚያው ሽንት ውስጥ ካሉ ሌሎች ሆርሞኖች ጋር ያነጻጽራሉ። አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ፍሎይድ ላንዲስ የ2006ቱን የቱር ደ ፍራንስ ድል የተነጠቀው በዚህ ማስረጃም ጭምር ነው። የሽንቱ ንጽጽር 11 ለ 1 ነበር።

ይሁንና የካርቦን ምርመራ ውድና አድካሚ በመሆኑ ለእያንዳንዱ ናሙና አይደረግም። ከ2014 ጀምሮ የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ ዋዳ፣ የአትሌቶችን የስቴሮይድ መጠን በግል መዝገብ ያስከትላል። አትሌቱ በዋናነት የሚመዘነው በራሱ የቀደሙ ውጤቶች ነው። ድንገተኛ ለውጥ ከታየ ናሙናው ወደ ካርቦን ምርመራ ይላካል።

ኢትዮጵያ በዋዳ ዕውቅና የተሰጠው ላቦራቶሪ ስለሌላት የአትሌቶቿ ናሙና የሚመረመረው በውጭ አገር ነው። ሽንቱ አትሌቱ እያየ በሁለት ጠርሙሶች ተከፍሎ ይታሸጋል። የመጀመሪያው ጠርሙስ ውጤት ጥፋት ካሳየ፣ አትሌቱ ሁለተኛው እርሱ ወይም ወኪሉ በተገኘበት ተከፍቶ እንዲመረመር የመጠየቅ መብት አለው። ናሙናው እስከ 10 ዓመት ተቀምጦ በአዲስ ዘዴ እንደገና ሊመረመርም ይችላል።